ስድሳ አራቱ ቢጫ ምልክቶች

ሰሌዳ ጸሐፊው ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን ደጃፍ በብሩሽ ሲጽፍ ኖሯል። የዳቦ ቤቱም፣ የፀጉር አስተካካዩም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ የሬሳ ሣጥን ሻጩም ስም ከእጁ ወጥቷል፤ ስለዚህ ጋሽ ብሩሽ ይሉታል። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ግን ስሙ እንጂ ብሩሹ አልሠራም። የሚስቱ ታናሽ ወንድም በገበያው ማዕዘን ቁም ሣጥን የሚያህል ማተሚያ መኪና ተክሎ፣ ጸሐፊው በሳምንት የሚጨርሰውን በግማሽ ሰዓት ባነር አድርጎ ይተፋ ጀመር።

«ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? መኪናው ነው እኮ» ይላል አታሚው። ጥፋቱን ሁልጊዜ በመኪናው እንዳላከከ ነው።

ጸሐፊው ብሩሾቹን በአኳራጅ አጥቦ፣ ጫፋቸውን በጣቶቹ አሹሎ፣ በሰም ጨርቅ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አኖራቸው። ወር በገባ ቁጥር ያወጣቸዋል፤ ያያቸዋል፤ ይመልሳቸዋል። ሚስቱ ይህን ስታይ ታማሚ ሲጠየቅ የምታይ ይመስላታል።

እሷ በዐይን ክሊኒክ ትሠራለች። ሥራዋ በቀጭን ዘንግ ፊደል እየጠቆመች ቀኑን ሙሉ «ይሄስ?» ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከእግረኞች ማኅበር ጋር ከከተማው ጀርባ ባለው ጫካ ትጓዛለች፤ ጠዋት ይወጣሉ፣ ሳይመሽ ይገባሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የከተማው እኩሌታ በእጃቸው ስለተወለደ በስብሰባ የሚከራከራቸው አይገኝም፤ ሁሉንም ራቁቱን አይተውታል።

ዛፉ ገና ለምለም ሳለ አንድ ጉዳይ ለማኅበሩ ቀረበ። በሰባቱ የጫካ መንገዶች ላይ የነበሩት ምልክቶች ለቀዋል፤ ሰው እየጠፋ ነው። አታሚው የብረት ሰሌዳ አትሜ ላቅርብ አለ። እህቱ እጇን አነሣች።

«ባለቤቴ አለ» አለች። «የሱ ቀለም ከግድግዳው በፊት አይረግፍም።»

አዋላጇ ሁለቱን በየተራ ተመለከቱና ፈረዱ። ጸሐፊው አጭሩን መንገድ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትሩን፣ ለሙከራ ይቀባል። በረዶ ከመጣሉ በፊት እርሳቸው ራሳቸው ይሄዱበታል።

«ማንንም ሳልጠይቅ ዞሬ ከመጣሁ ሰባቱም መንገድ ያንተ ነው፤ በየዓመቱ ማደሱም ጭምር» አሉት። «ከጠየቅሁ ግን ብረቱን እናዛለን። አንተም ብሩሽህን እዚያው አልጋህ ሥር ታስተኛለህ።»

ጸሐፊው ያን ሌሊት አልተኛም፤ ብሩሾቹ ግን ከአልጋው ሥር ወጥተው ጠረጴዛው ላይ አደሩ።

የማኅበሩ መመሪያ አንድ ገጽ ነበር። ምልክቱ ቢጫ ሆኖ መዳፍ ያህል ይሁን፤ ከአንዱ ምልክት አጠገብ የቆመ ሰው ቀጣዩን፣ ቀጣዩን ብቻ፣ ማየት አለበት ይላል። ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለሚስቱ መለሰላት።

«ይህን የጻፈው ሰው በዕድሜው አንድ ሰሌዳ አልጻፈም።»

የራሱ መመሪያ ነበረው፤ ሙያውን ካስተማረው ሰው የወረሰው። ሰሌዳ ጥሪ ነው፤ የማይጣራ ሰሌዳ ግድግዳ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት ትሪ የሚያህል አደረገው። በጥቁር ከበበው፤ በግራ በኩል ጥላ ጣለበት፤ ከግንዱ ተነሥቶ የሚመጣ እንዲመስል። ለስላሳ ቅርፊት ያለውን ዛፍ መረጠ፤ ሸካራው ብሩሽ ይበላል። ሚስቱ ቆርቆሮውን ይዛ ትከተለው ነበር።

«መዳፍ ይላል እኮ ወረቀቱ።»

«የማን መዳፍ እንደሆነ አይልም።»

ስድሳ አራት ምልክት ቀባ። በቅጠሉ መሐል እያንዳንዱ ምልክት በመስኮት እንደሚያይ ሰው ብቅ ይላል፤ ቀጣዩ ደግሞ ከቀጣዩ ቅጠል ጀርባ ይጠብቃል። ሚስቱን ከፊት አስኪዶ ሞከረው። አልተሳሳተችም። ዛፎቹ በየዓመቱ የሚያደርጉትን አንድ ነገር ግን ሁለቱም አላሰቡትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፈበት ግድግዳ ቅጠል አርግፎ አያውቅምና።

የፍተሻው ቀን ማለዳ አመዳይ ጥሎ ነበር። አራት ሆነው ወጡ፦ አዋላጇ ከነምርኩዛቸው፣ ሚስቱ ከነሻይ ፔርሙሷ፣ አታሚው አዲስ ቀይ ካፖርት ለብሶ፣ ጸሐፊው ከሁሉም ኋላ። ጸሐፊው እንዳይናገር፣ በእጁ እንዳይጠቁም፣ በአገጩም እንዳያሳይ ተነግሮታል። አገጩን ያስጨመረው አታሚው ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮት ማዕድ ቀርቧል፤ ጨው ሲፈልግ በምን እንደሚጠቁም ያውቃል።

የመጀመሪያው ሰዓት በጥድ ውስጥ አለፈ። ጥድ አይረግፍም። ምልክቶቹ ከአረንጓዴው መሐል አንድ በአንድ ብቅ እያሉ አዋላጇን እጃቸውን ይዘው እንደሚመሩ ሆኑ።

«ይሄንንማ ዕውርም ያገኘዋል» አሉ።

«ዕውር አያገኘውም፣ እትዬ» አለች ሚስቱ፤ በሙያዋ ቀልድ አታውቅም። «ባለ አንድ ዐይን ግን ያገኘዋል።»

ጸሐፊው ከኋላ ሆኖ በአፍንጫው በረጅሙ ተነፈሰ። መተንፈስ አልተከለከለም።

ከጥዱ ወጥተው ከዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ አዋላጇ ቆሙ። መንገዱ ዳገቱን በሰባት እጥፋት ነው የሚወጣው። ቅጠሉ ሳለ እያንዳንዱ እጥፋት መጋረጃው የወረደ የራሱ ክፍል ነበረ። አሁን ቅጠሉ በሙሉ መሬት ላይ ነው፤ መንገዱን ጥርጊያው እንኳ እስከማይለይ ሸፍኖታል። የቀሩት ባዶ ግንዶች ናቸው። በግንዶቹ ላይ፣ ከግርጌ እስከ አናት፣ ሃያ ሦስት ቢጫ ምልክቶች ከነጥቁር ጠርዛቸው፣ ከነጥላቸው፣ ሁሉም በአንድነት ይጣራሉ።

«የቱ ነው ቀጣዩ?» አሉ አዋላጇ፤ ለማንም ሳይሆን ለዳገቱ።

«ገበያ ገባን!» አለ አታሚው። «ሃያ ሦስት ሱቅ! እትዬ፣ ከየትኛው እንግዛ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት አዋልጃለሁ። ልጅ የሚመጣው በአንድ በር ነው። ይሄ ሃያ ሦስት በር አለው፤ እኔ በየትኛው ልውጣ?»

ከሁሉ ደማቁን መርጠው ቀጥ ብለው ወጡ። ደማቁ ከአራተኛው እጥፋት ነበር። ከዚያ ቆመው ሲመለከቱ በስተቀኝ የበለጠ የሚያምር አዩ፤ ወደሱ ወረዱ። ያም ሲወጡ በስተግራ ትተውት ያለፉት ሆኖ ተገኘ። ፈንገስ ያበቀለ ጉቶ አጠገብ አለፉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ጉቶ ከፊታቸው መጣ። በሦስተኛው አዋላጇ ምርኩዛቸውን አነሡለት።

«እንደምን ዋልክ?» አሉት።

ጸሐፊው እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ አገጩን በሻርፑ ቀብሮ ይከተላል። ባለፉ ቁጥር ዐሥራ ስምንተኛው ምልክት በክንድ ርቀት ይቀራቸዋል፤ ባለፉ ቁጥር ጉሮሮው አንድ ድምፅ ያሰማል። ሚስቱ ዞራ ባየችው ቁጥር ድምፁ ወደ ሳል ይለወጣል።

«የምን ሳል ነው? ሳል መጠቆም ነው!» አለ አታሚው።

«ብርድ ነዋ! አንተ ካፖርትህን እንጂ ብርዱን መች አየኸው?» አለችው እህቱ።

አታሚው ይህን ጊዜ ይጠብቅ ኖሯል። ቦርሳውን ከፍቶ የናሙና ሰሌዳውን አወጣ። መዳፍ የምታህል፣ ቡናማ፣ መሐሏ ላይ የደረቀ ቅጠል የታተመባት ብረት ናት።

«እዩ እንግዲህ። ዘመናዊ ማለት ይሄ ነው። ከተፈጥሮ ጋር ትስማማለች፤ አትጮህም። መኪናው ያወጣት ናት።» በሲባጎ ከአንድ ግንድ አሰራት፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ ታች እየነዳ ሃያ እርምጃ አራቃቸው። «አሁን ዙሩ! ከዚህ ሆናችሁ እዩዋት!»

ዞሩ። ቡናማ ግንዶች፣ ቡናማ ቅጠሎች ነበሩ።

«የት ናት?» አለች እህቱ።

«ያችትና።»

«የትኛዋ?»

«ከ... እዚያ... ከዚያኛው ዛፍ...» አታሚው ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ፤ ወደ ግራ ሄደ። «እዚህ ጋ ነበር ያሰርኳት!»

ሩብ ሰዓት ፈለጓት። ሚስቱ ከዛፍ ዛፍ እየሄደች ግንድ ዳበሰች፤ አታሚው ቅጠል በእግሩ ገለበጠ። አዋላጇ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ጠጡ።

«አንተ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስትወለድም በእግርህ ነው የመጣኸው። ያን ጊዜም መንገድ ስተህ ነበር።»

ፀሐይዋ ወደ ዳገቱ ትከሻ አዘነበለች። በዚህ ወራት ቀኑ አጭር ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይዘጋል። አዋላጇ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው ያስፈራው።

«እኔ እዚህ ማደር አልችልም። ልጠይቅህ ነው።»

ከጠየቁ ነገሩ አለቀ። ሁሉም ያውቀዋል። አታሚው እንኳ አልሳቀም፤ ጫማውን ተመለከተ። ከእህቱ ቤት ሲገባ ብሩሾቹ ከአልጋው ሥር እንደሚወጡና እንደሚገቡ አይቷል።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» አለች ሚስቱ።

ጸሐፊው ዳገቱን ቀና ብሎ አየ። ሰሌዳዎቹን መንገድ እንደጠፋበት ሰው ሲያያቸው የመጀመሪያው ነበር። ሁሉም ያምራሉ። ጉድለታቸውም እዚያ ላይ ነው። ሃያ ሦስቱም ወደ እኔ ኑ ይላሉ፤ ወደዚያ ሂዱ የሚል አንድም የለም።

ሻርፑን ፈታ። ካፖርቱን አወለቀ። ሽቅብ ወጥቶ ካፖርቱን በሃያ አምስተኛው ምልክት ላይ፣ ሻርፑን በሃያ ስድስተኛው ላይ አንጠለጠለ። ዞሮ ቁልቁል አየና አሁንም አልበቃውም፤ ሹራቡን አወለቀ።

«እንዴ! ሰውየው ምን ነካው?» አሉ አዋላጇ።

ሚስቱ ገባት። ክሊኒክ ውስጥ አንዱን ዐይን ሳይሸፍኑ ሌላውን መመርመር አይቻልም። የራሷን ሻርፕ ፈትታ ወደ ሠላሳኛው ሮጠች። ጸሐፊው ሸሚዙን አወለቀ። በካናቴራ ቀረ፤ ከትከሻው እንፋሎት ይነሣል። አንድ ምልክት ግን ገና ይጮሃል፤ ሠላሳ ሦስተኛው፣ ከሁሉ አሳምሮ የሠራው። ጸሐፊው ወደ አታሚው ዞሮ ቀዩን ካፖርት ተመለከተ። አልጠቆመም። ተመለከተ ብቻ።

«ጋሼ፣ ኧረ አዲስ ነው!»

ጸሐፊው መመልከቱን አላቆመም።

«እታለም፣ በይው እንጂ!»

«አውልቅ» አለች እህቱ። «መኪናህ ሌላ ያወጣልሃል።»

ቀዩ ካፖርት ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ተሰቀለ። አዋላጇ ከቆሙበት ሲመለከቱ በቅርብ አንድ ቢጫ ብቻ ቀርቷል፤ በስተግራ፣ በክንድ ርቀት፣ ሲያልፉት የዋሉት።

«ያ ነዋ!» አሉ፤ ሄዱም።

በየእጥፋቱ እንዲሁ ሆነ። ጸሐፊውና ሚስቱ እየቀደሙ ከአንዱ ያወልቃሉ፣ ሌላውን ያለብሳሉ፤ አታሚው እየተንቀጠቀጠ የራሱን ካፖርት ከዛፍ ዛፍ ይሸከማል። ሰባተኛውን እጥፋት ጨርሰው ከዳገቱ ማዶ ካለው ጥድ ሲገቡ ጸሐፊው ገና በካናቴራ ነበር፤ ልብሱን መልበስ ረስቶታል። ከተማው ጫፍ ሲደርሱ የመንገድ መብራት እየበራ ነበር።

«መሸፈን መጠቆም ነው። አልቆጥረውም!» አለ አታሚው፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ሰሌዳውን ዛፍ ላይ አስሮ ያጣ ሰው አይቆጥርም» አሉ አዋላጇ። ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ማንንም አልጠየቅሁም፤ ይሄ እውነት ነው። ግን በመጣሁ ቁጥር አንተ ራቁትህን መቆም አለብህ ማለት ነው። ስለዚህ ግማሽ አልፈሃል። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ብቻዬን እመጣለሁ። አስተካክለው።» ጥቂት ሄደው ተመለሱ። «ለብሰህ ጠብቀኝ።»

ሦስት ቀን በትኩሳት ተኛ። በአራተኛው ተነሥቶ ብሩሾቹን ይዞ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ከቢጫው ሌላ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ጥቂት ወይን ጠጅ ይዞ ነበር። ቅርፊት ቡናማ እንዳልሆነ ያወቀው ያን ሰሞን ነው። ከዳገቱ ጀምሮ ምልክቶቹን ሁሉ መዳፍ ወደሚያህል ጠባብ ሰረዝ አሳነሳቸው፤ ከአንዱ ቀጣዩ ብቻ እንዲታይ ወደ ግንዱ ጎን አዞራቸው፤ ትልልቆቹን ግን ማጥፋት ነበረበት። በውርጭ ቀን ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ፣ በገዛ ሰሌዳው ላይ ቅርፊት ይስላል። ስንጥቁን፣ ሽበቱን፣ ጉንዳን የወጣበትን መስመር ሳይቀር። ሠላሳ ሦስተኛውን ለማጥፋት ሁለት ቀን ፈጀ፤ አንዱ ቀን ቆሞ ማየት ነበር።

አንድ ግንድ ላይ ብሩሹ ብረት ነካ። የአታሚው ሰሌዳ ነበረች። ሊቀባት ምንም አልቀረውም። ፈትቶ ወሰደለት፤ አታሚውም በሱቁ በር ላይ ሰቀላት። እዚያም ማንም አላያትም።

በእሑዱ ሚስቱን ወደ ዳገቱ አመጣት። ከጉቶው አጠገብ አቆማት፤ ዱላ ቆርጦ እንደ ዘንጓ ይዞ ወደ አንድ ግንድ ጠቆመ።

«ይሄስ?»

ሚስቱ አንድ ዐይኗን በመዳፏ ሸፈነች። «አይታየኝም።»

«ይሄስ?»

«አይታየኝም።»

«ይሄስ?»

«ምኑ?»

ጸሐፊው በእያንዳንዱ መልስ ፊቱ እየበራ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሥራውን አላየሁም ቢለው ዱላውን ለሌላ ነገር ይጠቀምበት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልነገራትም። ከመንገዱ መጨረሻ፣ ስድሳ አራተኛው ምልክት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ጥፍር የምታክል ቀጭን ጥላ ትቷል። ማንም አያያትም። እሱ ግን እዚያ እንዳለች ያውቃል።

በረዶው በሳምንቱ ጣለ። አዋላጇ ቃላቸውን ጠብቀው ብቻቸውን ገቡ። ጸሐፊው ከጫካው መውጫ ላይ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ጸሐፊው ሰባት ጊዜ ሰዓቱን አየ፤ በስምንተኛው ሚስቱ ሰዓቱን ከእጁ ፈትታ ቦርሳዋ ከተተችው።

በሦስተኛው ሰዓት ግድም ምርኩዙ ከበረዶው ሲነቀል ተሰማ፤ ከዚያ አዋላጇ ወጡ።

«ይሄ ጉልበቴ» አሉ፣ «የግራው ደኅና ነበር። የቀኙ ነው አሁን የጀመረው። ቁልቁለቱ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ጮኸ። ሐኪሙ በሙቅ ውኃ ይላል፤ እሱ ምን ያውቃል፣ እሱንም እኔ ነኝ ያዋለድኩት። ሻይ ይዘሻል?»

ሚስቱ ቀዳችላቸው። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ በረዶው፣ በዳገቱ አናት ስላዩት ወፍ ተናገሩ። ሻዩን ጨረሱ። ጸሐፊው አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ እርሳቸውን ያያል። በመጨረሻ አልቻለም።

«ምልክቶቹስ፣ እትዬ?»

«የትኞቹ?» አሉ አዋላጇ፤ ከልባቸው ነበር። ጥቂት አስበው፣ «እ፣ ምልክቶቹ! ነበሩ መሰለኝ። አልጠፋሁም እኮ።»

ሚስቱ ክርኑን ጨበጠች።

አዋላጇ ከኪሳቸው የማኅበሩን የዕቃ ቤት ቁልፍ አውጥተው በመዳፉ አኖሩ። «የቀሩት ስድስቱ ከበረዶው በኋላ ይጀመራሉ። ቢጫው ቆርቆሮ ከበሩ በስተቀኝ ነው።» ምርኩዛቸውን ነቀሉ፤ ጥቂት ሄደው ተመለሱ። «አንድ ነገር፦ የመጨረሻው ላይ በግራ በኩል ጥቁር ነገር አለበት። ቆሽሾ ይሆናል። አጽዳው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ጸሐፊው።

ርቀው እስኪሄዱ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ስድሳ አራተኛው ሄደ፤ ከውስጥ ኪሱ ትንሿን ብሩሽ አወጣ። ሚስቱ ጥላዋን አሁን ገና አየቻት። ሦስት ጊዜ ነካ አድርጎ ቅርፊት አደረጋት። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ይሄስ?» አለችው።

ጸሐፊው አንድ ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ረጅም ጊዜ አየው።

«ዝም ብሏል» አለ።